አሮጌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ጨርቅ ለብሶ፦ ለእደ ጥበብ ክፍል የሚሆን የሥራ ሰሌዳ አዘገጃጀት

መግቢያ

በብዙ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ፣ በትምህርት ቤቶችና በቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ጓሮ አገልግሎቱ ያበቃ የማስታወቂያ ሰሌዳ ግድግዳ ተደግፎ ይታያል። ፊቱ በስፒልና በምስማር ተበሳስቷል፤ የቆየ ወረቀት ቅዳጅ ተጣብቆበታል፤ ቀለሙም በፀሐይ ጠውልጓል። ብዙውን ጊዜ ዕጣው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ተፈልጦ ለማገዶ ይውላል፣ ወይ ዝናብ እየመታው በቆመበት ይበሰብሳል። ይሁን እንጂ ክፈፉ የጸና፣ ገጹም ያልተጣመመ ሰሌዳ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ንብረት ነው። የጎደለው ልብስ ብቻ ነው።

በዚህ ዕትም የምናቀርበው ትምህርት እንዲህ ያለውን ሰሌዳ በጨርቅ አልብሶ ለስፌት፣ ለጥልፍና ለሽመና ማሠልጠኛ ክፍል የሥራ ሰሌዳ ስለ ማድረግ ነው። ትምህርቱ የተዘጋጀው በተለይ ለእደ ጥበብ አሠልጣኞች፣ በኅብረት ለሚሠሩ እናቶችና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ነው።

ጉዳዩ ለምን ትኩረት እንደሚሻ በምሳሌ እንመልከት። ስምንት አባላት ያሉት አንድ የስፌት ቡድን አለ እንበል። ትእዛዝ የምትቀበለው አንዲት አባል ናት፤ የደንበኛውን ልክ፣ የተከፈለውን ቀብድና የማስረከቢያውን ቀን የምትጽፈውም በራሷ ደብተር ነው። ጥምቀት ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይህች እናት ለቅሶ ደርሶባት ወደ አገር ቤት ትሄዳለች። ደብተሩ በቁም ሣጥን ተቆልፎበታል። የቀሩት ሰባቱ የትኛው ጨርቅ የማን እንደ ሆነ፣ የትኛውስ እንደሚቀድም አያውቁም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላልና፣ ከበዓሉ ማግስት የተረከበ ልብስ ለደንበኛዋ ልብስ አይደለም። ቡድኑ ቀሪውን ሂሳብ ያጣል፤ ደንበኛዋም ለከርሞ ወደ ሌላ ሰፊ ትሄዳለች። የጠፋው ሙያ አልነበረም፤ መኪናም፣ ክርም፣ ጉልበትም ነበር። የታጣው ሥራውን ሁሉም አባል የሚያይበት አንድ የጋራ ቦታ ነው።

ስለዚህ ሰሌዳውን ጨርቅ የምናለብሰው ክፍሉ እንዲያምር ብቻ አይደለም። የቡድኑ ዕውቀት በአንድ ሰው ቁልፍ ሥር እንዳይውል፣ ማንበብ የምትችለውም የማትችለውም እናት ሥራው የት እንደ ደረሰ በአንድ ዕይታ እንድትረዳ ነው።

እንጨትን ማልበስ በአገራችን

እንጨትን በሌላ ነገር አልብሶ ማጽናትና ማስዋብ ለእኛ እንግዳ ሙያ አይደለም። የብራና መጻሕፍትን ሽፋን ያየ ሰው ይህን ያስተውላል። ደጓሹ ሁለቱን የእንጨት ገበታዎች በቆዳ ያለብሳል፤ የቆዳውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፎ በማጣበቂያ ያጸናዋል። በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ መሐል ሳይሸፈን በሚቀረው ቦታ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨርቅ ይለጥፍበታል፤ ከሩቅ አገር የመጣ ሐርና ባለ አበባ ጨርቅ በዚህ ቦታ ተለጥፎ የሚገኝባቸው መጻሕፍት አሉ። ከትልቅ ልብስ የተረፈች ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ለመጽሐፍ ጌጥ ትሆን ነበር ማለት ነው።

የቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎቻችንም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣሉ። ብዙዎቹ የተሣሉት በቀጥታ በግድግዳው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ጎንደር የሚገኘው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሠዓሊው ሸካራውን ግድግዳ በጨርቅ አልብሶ ለሥራው የተስተካከለ ገጽ ያገኛል።

ያገለገለን ዕቃ ለሌላ አገልግሎት ማዋልም እንዲሁ የኖርንበት ነው። «ቆራሌው» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው የሚሰበስበው ቆርቆሮና ጠርሙስ በመርካቶ ምናለሽ ተራ በባለሙያዎች እጅ ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያና ሌላም የቤት ዕቃ ይሆናል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራውን በረባሶ የማያውቅ የለም። እነዚህ ባለሙያዎች የሚጠይቁት «ይህ ዕቃ ምን ነበር?» ብለው ሳይሆን «ከዚህ ዕቃ ምኑ ጤነኛ ነው?» ብለው ነው። እኛም ሥራችንን የምንጀምረው በዚሁ ጥያቄ ነው።

ሰሌዳውን መመርመር

ጨርቅ ከመቁረጥ በፊት ሰሌዳው ለድካሙ የሚበቃ መሆኑ ይረጋገጣል። የሚከተሉት አምስት ፍተሻዎች በቂ ናቸው።

አንደኛ፣ የክፈፉ ጽናት። ሰሌዳውን አቁሞ በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ይዞ ማወዛወዝ ነው። ማዕዘኑ የሚላወስ ከሆነ በኮላና በምስማር ይጠበቃል። ላልቶ የቀረ ክፈፍ ጨርቁ ሲወጠርበት ይጣመማል።

ሁለተኛ፣ የገጹ ቅንነት። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ክር ወጥሮ በክሩና በገጹ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት ነው። ጥቂት ጉብጠት ጉዳት የለውም። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ግን በጀርባው ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ መምታት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ እርጥበት። ቺፑድ ውኃ ከነካው ያብጣል፤ ሲደርቅም ወደ ቀድሞው መጠኑ አይመለስም። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የታችኛው ጠርዝ ነው። በጥፍር ሲፋቅ የሚረግፍ ከሆነ የተጎዳውን ክፍል በመጋዝ ቆርጦ ሰሌዳውን ማሳጠር ይሻላል። የበሰበሰን እንጨት ጨርቅ አያድነውም፤ ይሸፍነዋል እንጂ።

አራተኛ፣ ነቀዝና ምስጥ። በእንጨቱ ላይ ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ካሉ ሰሌዳውን በነጭ ወረቀት ላይ አቁሞ ጥቂት ቀን ማቆየት ነው። አዲስ ዱቄት ከረገፈ ነፍሳቱ ገና በሥራ ላይ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰሌዳ ብዙ የእንጨት ዕቃ ወዳለበት ክፍል ማስገባት አይገባም። በክፈፉ ስንጥቆች ውስጥ ትኋን አለመኖሩም ይታያል።

አምስተኛ፣ የገጹ ዓይነት። ገጹ ቡሽ ወይም ሌላ ለስላሳ ነገር ከሆነ ስፒል በቀላሉ ይቀበላል፤ ንጣፍ አያስፈልገውም። ኮምፔልሳቶ ወይም ቺፑድ ከሆነ ስፒል ስለማይገባበት ከጨርቁ በታች ንጣፍ ይጨመርለታል። የመስታወት መዝጊያ ያለው ከሆነ መስታወቱ በጓንት በጥንቃቄ ወጥቶ ለሌላ ሥራ ይቀመጣል።

ጨርቁን መምረጥ

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ድርና ማጉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሲጎትቱት የማይለጠጥ ጨርቅ ነው። አቡጀዲ፣ ካኪና ያገለገለ ጂንስ ተስማሚ ናቸው። ሹራብና የመሳሰለው ተለጣጭ ጨርቅ ሲወጥሩት ያማረ ይመስላል፤ ስፒልና ወረቀት ሲሸከም ግን ይረግባል። ስስ ነጠላ ደግሞ የታችውን እድፍ ያሳያል፤ ለዋናው ልብስ ሳይሆን ለጌጥ ይሁን።

የጨርቁ ጥሬ ዕቃ ምን እንደ ሆነ ካልታወቀ፣ ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዞ ከሚቃጠል ነገር ርቆ በክብሪት መፈተን ይቻላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይቃጠላል፤ የሚቀረውም በጣት ሲነካ የሚበተን ቀላል አመድ ነው። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፤ ሲበርድም እንደ ዶቃ የጠነከረ ጥቁር እንክብል ይተዋል። ጥጥ ኮላን በደንብ ይቀበላል፤ የጋለ ካውያም ይችላል። ፖሊስተር በኮላ ላይ ይንሸራተታል፤ በጋለ ካውያም ይኮማተራል።

ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ወይም አንድ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ሰሌዳው የሚሸከመው የክርና የጨርቅ ናሙና፣ ካርድና የወረቀት ቅድ ስለ ሆነ፣ ጌጠኛ ጨርቅ እነዚህን ሁሉ ይውጣቸዋል። ጌጥ ከተፈለገ ጠርዙ ላይ ይሁን። የአሮጌ ነጠላ መሐሉ ሲሳሳ ጥለቱ ብዙ ጊዜ ደኅና ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ጥለት ተቆርጦ ለሰሌዳው ዙሪያ ቢሰፋ ያማረ ዘርፍ ይሆናል። የሸማ ሠሪዎች መንደር በሆነው በሽሮ ሜዳና በመሳሰሉት ገበያዎች አቅራቢያ ያሉ ቡድኖች ደግሞ ከሰፊዎች የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ጠይቀው መጠቀም ይችላሉ።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። በቤተ መቅደስ ያገለገሉ አልባሳትና መጋረጃዎች ቢያረጁም ለዚህ ሥራ አይውሉም። ስለ እነርሱ የሚወሰነው በካህናቱ ነው።

የተመረጠው ጨርቅ ምንም ንጹሕ ቢመስል ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ፣ ደርቆ በካውያ ይተኮሳል። የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያ እጥበት ስለሚሰበሰብ ሳይታጠብ ከተቆረጠ በኋላ ቢታጠብ ለሰሌዳው ሊያጥር ይችላል።

ዕቃዎችና ልኬት

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ሜትር፣ ጠመኔ፣ መቀስ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት ናቸው። ከዚህ በተጨማሪ የእንጨት ኮላ፣ የካርቶን ወረቀት፣ ጥብጣብና የሶፋ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ዓይነት ስቴፕለር ያስፈልጋል። ስቴፕለር ካልተገኘ አጫጭር ምስማሮች ወይም ጠንካራ ክር ይበቃሉ።

ልኬቱን በምሳሌ እናሳይ። ሰሌዳው 120 ሳ.ሜ. ርዝመትና 90 ሳ.ሜ. ቁመት ያለው ይሁን። ጨርቁ ከጠርዙ አልፎ ወደ ጀርባ እንዲታጠፍ በእያንዳንዱ ጎን 6 ሳ.ሜ. ይጨመራል። ስለዚህ የሚቆረጠው ጨርቅ 132 ሳ.ሜ. በ102 ሳ.ሜ. ይሆናል። ክፈፉ ወፍራም ከሆነ ወይም ንጣፍ ከተጨመረ የውፍረቱ ያህል በየጎኑ ይታከላል። የጨርቁ ወርድ ካልበቃ ሁለት ቁራጭ በመኪና ተሰፍቶ ይቀጠላል። ስፌቱ በሰሌዳው መሐል ከሚውል ይልቅ የትእዛዝ ቦታንና የመሣሪያ ቦታን የሚለይ መስመር ሆኖ ቢታሰብ ጉድለቱ ወደ ጥቅም ይለወጣል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. ማጽዳት። ምስማርና ስፒል ሁሉ በፒንሳ ይነቀላል። የተጣበቀ ወረቀት በእርጥብ ጨርቅ ረስርሶ ይፋቃል። ከዚያም ገጹ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ በዚህ ጊዜ አፍና አፍንጫን መሸፈን ይገባል፤ ሥራውም ከቤት ውጭ ይሁን። ቀዳዳ መድፈን አያስፈልግም፤ ጨርቅ ጉድጓድን ይሸፍናል፤ ጉብታን ግን አጉልቶ ያሳያል። ሰሌዳው አንድ ሙሉ ቀን እንዲደርቅ ይተዋል።

2. ማንጠፍ። ገጹ ጠንካራ ከሆነ ባለ ሽንሽን ካርቶን በሁለት ድርብ ይለጠፋል። የመጀመሪያው ካርቶን ሽንሽኑ ወደ ላይ የቆመ፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደ ጎን የተኛ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ካርቶኑ አይጎብጥም፤ ስፒልንም አጥብቆ ይይዛል። ኮላው በስሱ ተቀብቶ፣ ከላዩ እኩል ክብደት ያለው ነገር ተጭኖበት ያድራል። በካርቶን ፈንታ ያረጀ ብርድ ልብስ መጠቀም ይቻላል። የፍራሽ ስፖንጅም ለዚህ ያገለግላል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚቀጣጠል የከሰል ካውያና ምድጃ ባለበት ክፍል ውስጥ ባይሆን ይመረጣል።

3. ጨርቁን ማቅናትና መቁረጥ። ጨርቅ በዐይን ግምት ቀጥ ብሎ አይቆረጥም። ከጠርዙ አንድ የማግ ክር በመርፌ ተነሥቶ ቀስ ተብሎ ይመዘዛል፤ ክሩ በወጣበት ቦታ ቀጭን መስመር ይታያል። መቀሱ ይህን መስመር ተከትሎ ይሄዳል። ድርና ማጉ ከሰሌዳው ጠርዝ ጋር ትይዩ ካልሆነ ጨርቁ ሲወጠር ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ይህ ዘዴ ለጠረጴዛ ልብስና ለአንሶላ ሥራም ስለሚያገለግል ሠልጣኞች በዚህ አጋጣሚ በሚገባ ቢማሩት መልካም ነው።

4. መወጠር። ጨርቁ ፊቱ ወደ መሬት ሆኖ በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ሰሌዳውም በላዩ በፊቱ ይደፋበታል። የመጀመሪያው ማያያዣ በአንዱ ረጅም ጎን መካከል ይመታል። ሁለተኛው፣ ጨርቁ ሳብ ተደርጎ፣ በተቃራኒው ጎን መካከል ይሆናል። ሦስተኛውና አራተኛው በሁለቱ አጫጭር ጎኖች መካከል ይመታሉ። በዚህ ጊዜ ሰሌዳውን ገልብጦ መመልከት ይገባል፤ አራት ማያያዣ ብቻ ስላለ ስሕተት ቢኖር ለማረም ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ ከመካከል ወደ ማዕዘን፣ አንድ ጊዜ በዚህ ወገን፣ አንድ ጊዜ በዚያ ወገን እያፈራረቁ በየ5 ሳ.ሜ. መምታት ነው። ከማዕዘኖቹ 10 ሳ.ሜ. ያህል ሳይመታ ይተዋል። ከማዕዘን የጀመረ ሰው ትርፉን ጨርቅ ወደ መሐል ይገፋዋል፤ መሐል ላይ የተሰበሰበ ጨርቅ ደግሞ መውጫ ስለሌለው ይጨማደዳል።

በምስማር የሚሠራ ከሆነ ጨርቁ እንዳይቀደድ በምስማሩ ራስ ሥር የካርቶን ጠባብ ቅዳጅ ይደረጋል። ሰሌዳው ስስ ሆኖ ምስማር ወደ ፊት የሚወጣበት ከሆነ ደግሞ የጨርቁ ሁለት ተቃራኒ ጠርዞች በጀርባ በኩል በጠንካራ ክር እንደ ጫማ ማሰሪያ እየተመላለሱ ይሳባሉ። ይህ መንገድ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ጨርቁን ለማጠብ ሲፈለግ ክሩን ፈቶ ማውጣት ይቻላል።

5. ማዕዘን ማጠፍ። የማዕዘኑ ጫፍ ወደ መሐል ተስቦ ይታጠፍና ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ከዚያም ግራና ቀኙ እንደ አልጋ አንሶላ ተራ በተራ ይተኛሉ። ጨርቁ ወፍራም ከሆነ ከውስጥ የተደራረበው ክፍል በመቀስ ይቀነሳል። የባለሙያ እጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነውና መቸኮል አይገባም።

6. ጥብጣብ መዘርጋት። ሠያፍ የተዘረጋ ጥብጣብ ወረቀትና ካርድን ያለ ስፒል ለመያዝ ይጠቅማል። በምሳሌያችን ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ከማዕዘኑ ጀምሮ በየ30 ሳ.ሜ. በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ 120ውም 90ውም ለ30 ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። ምልክቶቹ በሁለቱም አቅጣጫ በሠያፍ ሲገናኙ 12 መስመሮች ይገኛሉ። ለየጫፉ መታጠፊያ 5 ሳ.ሜ. ሲታከል አራቱ ቁራጮች 52 ሳ.ሜ.፣ አራቱ 95 ሳ.ሜ.፣ አራቱ 137 ሳ.ሜ. ይሆናሉ። በጠቅላላው 11 ሜትር ከ36 ሳ.ሜ. ጥብጣብ ያስፈልጋል። በገበያ ጥብጣብ ፈንታ ከተራፊ ጨርቅ የተሰፋ ጠባብ ቅዳጅ መጠቀም ወጪ ይቀንሳል፤ ለጀማሪ ሠልጣኞችም ቀጥ ያለ ስፌት መለማመጃ ይሆናል። ጥብጣቦቹ በተገናኙበት ቦታ ሁሉ በመርፌ ከጨርቁ ጋር ይያያዛሉ፤ ከላይም ቁልፍ ይሰፋበታል።

7. ጀርባውን መዝጋት። የጨርቁ ጫፍና ማያያዣው እንዳይታይ፣ አቧራም እንዳይገባ፣ ጀርባው በአቡጀዲ ወይም በወፍራም ወረቀት ይሸፈናል። ጥለቱም በዚህ ጊዜ በዙሪያው በእጅ ስፌት ይያያዛል።

8. መስቀል። ሰሌዳው ቢያንስ በሁለት ቦታ ይንጠለጠላል። ግድግዳው የብሎኬት ከሆነ ተበስቶ ፊሸር ይገባበታል፤ የጭቃ ቤት ከሆነ ምስማሩ በምርጊቱ ላይ ሳይሆን በውስጥ ባለው ቋሚ እንጨት ላይ መመታት አለበት። ከታች በኩል በጀርባው ሁለት ትናንሽ የእንጨት ቁራጮች ቢለጠፉ በግድግዳውና በሰሌዳው መካከል አየር ይተላለፋል፤ በክረምት ሻጋታ እንዳይዘው ይረዳል። ቆመው ለሚሠሩ ሰዎች የሰሌዳው መሐል ከመሬት 150 ሳ.ሜ. ያህል ቢሆን ይመቻል። በክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው የሚሠሩ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ አባላት ካሉ ግን እነርሱ በሚደርሱበት ከፍታ መሰቀል አለበት። ማንም አባል እጁ የማይደርስበት ሰሌዳ የጋራ ሰሌዳ አይባልም። ሕፃናት ወደ ክፍሉ የሚገቡ ከሆነ በታችኛው ክፍል ስፒል አይሰካም፤ ጥብጣቡ ብቻ ያገልግል።

ሰሌዳውን በሥራ ላይ ማዋል

ብዙ ሰሌዳዎች አምረው ከተሰቀሉ በኋላ ያረጁ ወረቀቶች መከማቻ ይሆናሉ። ይህ እንዳይሆን ቡድኑ ተሰብስቦ እያንዳንዱ የሰሌዳ ክፍል ምን እንደሚሸከም አስቀድሞ ይወስን። ለስፌት ክፍል የሚከተለው አከፋፈል ይመቻል።

የሰሌዳው ሰፊ ክፍል ለትእዛዝ ይሁን፤ ከግራ ወደ ቀኝም በሦስት ዓምድ ይከፈል፦ «የተቀበልነው»፣ «በእጅ ያለ»፣ «ያለቀ»። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ካርድ ይዘጋጃል። በካርዱ ላይ የሥራው ዓይነት፣ የማስረከቢያው ቀንና ሥራውን የያዘችው አባል ስም ይጻፋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ከሚሰፋው ጨርቅ የተቆረጠች ትንሽ ናሙና በካርዱ ጥግ ትሰፋበታለች። ፊደል ያልቆጠረች እናት ናሙናዋን አይታ የትኛው ሥራ እንደ ሆነ ትለያለች፤ ካርዱ ያለበትን ዓምድ አይታም የት እንደ ደረሰ ታውቃለች። ለበዓል የሚደርሱ ሥራዎች በቀይ ክር ይታሰሩ፤ ቀይ ክር ያለው ካርድ በግራው ዓምድ ቆሞ በዓሉ ከቀረበ፣ ማንም አባል ሳይነገራት ችግሩን ታያለች። እንዲህ ከሆነ በመግቢያችን ያነሣነው ዓይነት ቡድን አንዷ አባል ብትለይም ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል።

የደንበኛው የሰውነት ልክ ግን ለሁሉ ዐይን የሚሰጥ አይደለም። ልኩና የስልክ ቁጥሩ በተጣጠፈው ካርድ ውስጠኛ ገጽ ወይም በትንሽ ፖስታ ውስጥ ይሁን። እንዲሁም ሰሌዳው የሂሳብ መዝገብን አይተካም። ቀብድና ክፍያ በመዝገብ ይጻፋል፤ በካርዱ ላይ የመዝገቡ ተራ ቁጥር ብቻ ይሠፍራል። መዝገቡ ገንዘቡን ይጠብቃል፤ ሰሌዳው ደግሞ ሥራውን ይጠብቃል።

ሁለተኛው ክፍል ለመሣሪያ ነው። መቀስ፣ ሜትርና የመኪና መፍቻ ከባድ ስለ ሆኑ በጨርቁ ላይ ሳይሆን በክፈፉ እንጨት ላይ በተመታ ምስማር ይንጠልጠሉ። የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በጥቁር ጨርቅ ተቆርጦ በቦታው ቢሰፋ፣ ማታ ክፍሉ ሲዘጋ ባዶ የቀረው ቅርጽ የጠፋውን ዕቃ ይናገራል። ከጨርቅ ክምር ሥር ለተቀበረ መቀስ ሌላ መቀስ መግዛት ይቀራል።

ሦስተኛው ክፍል ለመማሪያ ይሁን። በዚያ ሳምንት የሚሰጠው የስፌት ወይም የጥልፍ ዓይነት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአራት ወይም በአምስት ቁራጭ ጨርቅ ላይ ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ ይሰካል። አንድ ቀን የቀረች ሠልጣኝ አሠልጣኟን ሳትጠብቅ በዐይኗ አይታ፣ በእጇ ዳስሳ ልትከታተል ትችላለች።

አራተኛው ትንሽ ክፍል ለቡድኑ ጉዳይ ነው፤ የስብሰባ ቀን፣ የጽዳት ተራ፣ የቁጠባ መክፈያ ቀን ይለጠፍበታል። በዚህ ክፍል የእያንዳንዷ አባል ዕዳ ወይም ጥፋት በስም አይለጠፍ። ሰሌዳው ሥራን የሚገልጥ እንጂ ሰውን የሚያሳፍር እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አባላት የሚሸማቀቁበት ሰሌዳ ቀስ በቀስ ማንም የማያየው ሰሌዳ ይሆናልና።

እንክብካቤ

በየሳምንቱ መጨረሻ «ያለቀ» የሚለው ዓምድ ይራገፋል፤ ካርዶቹም በመዝገቡ ተራ ቁጥር ተደርድረው ይቀመጣሉ። ያው ደንበኛ ተመልሶ ሲመጣ ልኩ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የሰሌዳው አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል። ዝናብ ሲያበቃ በመስከረም ወር ሰሌዳው ወርዶ ጀርባው ይታያል፤ የረገበ ቦታ ይወጠራል፤ ጨርቁ ካረጀም ይለወጣል። እንጨቱ ደኅና እስከ ሆነ ድረስ ልብሱን እየቀየረ ይኖራል።

የተግባር መልመጃ

ሥራው ኮላው የሚደርቅበትን ጊዜ ጨምሮ በሦስት ቀን ሊጠናቀቅ ስለሚችል፣ አዲስ የሥልጠና ዙር ሲከፈት የሠልጣኞቹ የመጀመሪያ የጋራ ሥራ ቢሆን መልካም ነው። ልኬት፣ ክር መዝዞ መቁረጥ፣ ቀጥ ያለ ስፌት፣ ማዕዘን ማጠፍና ቁልፍ መትከል በአንድ ሥራ ውስጥ ይገኛሉ። ሠልጣኞች ከሥራው በፊት 80 ሳ.ሜ. በ60 ሳ.ሜ. ለሆነ ሰሌዳ የሚያስፈልገውን የጨርቅ መጠንና፣ በየ20 ሳ.ሜ. ምልክት ተደርጎ የሚዘረጋውን የጥብጣብ ቁራጭ ብዛት በወረቀት አስልተው ያቅርቡ። ትክክለኛው መልስ 92 ሳ.ሜ. በ72 ሳ.ሜ. ጨርቅና 12 ቁራጭ ጥብጣብ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአሁኑ ጊዜ በቡድናችን አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ምን መረጃ አለ? ያ ሰው ለአንድ ወር ቢለይ የትኛው ሥራ ይቆማል?

2. ከአባላት መካከል ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ካሉ፣ ከጨርቅ ናሙናና ከቀይ ክር ሌላ ምን ምልክት ቢኖር ይረዳቸዋል? መልሱን እነርሱ ራሳቸው ይስጡ።

3. በሰሌዳው ላይ ሊወጣ የማይገባው ምንድን ነው? ቡድኑ ተስማምቶ በጽሑፍ ያስቀምጥ።

4. በአጥቢያችን ግቢ ተጥለው ከሚገኙ ዕቃዎች ክፈፋቸው ወይም ገጻቸው ገና ጤነኛ የሆኑት የትኞቹ ናቸው? ከመገዛቱ በፊት በእነርሱ ሊሠራ የሚችል ምን የክፍሉ ፍላጎት አለ?